የአባ ሉቃስ በቅሎና የጡቡ እሳት

ልጅ ሳለሁ እንደ አባ ሉቃስ በቅሎ ያስመረረኝ ነገር አልነበረም። በቅሎዋን አይቻት አላውቅም፤ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት ሞታለች። ግን ያኔ፣ ነቀምቴ ዳር ባኬ ጃማ በኩል ስንኖር፣ ፀሐይ ጥልቅ ስትል ይቺ የሞተች በቅሎ ትነሳና ዴዴሳን ትሻገራለች። በማግስቱም ትሻገራለች። በሳምንቱም ትሻገራለች። ውሃው ሁልጊዜ እስከ አንገቷ ነው፤ ሁልጊዜ በዚያችው ድንጋይ ትደናቀፋለች። አንድ ቀን እንኳን ሰምጣ፣ ወይ ሌላ መንገድ ዞራ ብትገላግለኝ ምናለበት እል ነበር።

ተረቱን የሚያወሩት አካኮ ዲንሳ ናቸው። አካኮ እኛ ጋ አያት ማለት ነው፤ እሳቸው እንኳን የአባቴ አጎት ናቸው፣ ግን አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ እኔም አካኮ እያልኩ ነው ያደግኩት። ራሳቸው ደግሞ ያደጉት ካቶሊኮቹ ግቢ ነው። አባት እናት አልነበራቸውም፣ አባ ሉቃስ የሚባሉ ፈረንጅ ቄስ ናቸው ከመንገድ አንስተው ያሳደጓቸው። እነዚያ ቄሶች ሚስት የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ እንደ ወንድማማች አንድ ግቢ አብረው ይኖራሉ፤ ማኅበራቸው ሂዱ ካላቸው ይሄዳሉ፣ ቁሙ ካላቸው ይቆማሉ። ወለጋ ሲገቡም፣ ያኔ ቄስ ነን ብለው መግባት ስለማይችሉ፣ ነጋዴ መስለው ነው፤ በበቅሎ ጨርቅ ጭነው። በቅሎዋ የመጣችው እንግዲህ በዚህ ነው።

ለሰዉ የተረፈው ምኑ ነው ካላችሁ፣ ብዙ ነገር ነው። እምነታቸውንማ የያዘው ጥቂት ነው፤ እኛ ሰፈር አብዛኛው የወንጌል አማኝ ነው፣ ነጋዴውና የመንግሥት ሰራተኛው ደግሞ ኦርቶዶክስ። ግን ጡብ መተኮስን ለሰፈራችን ሰዎች ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በፊት ሰው ቤቱን በእንጨትና በጭቃ ነበር የሚሰራው፣ ጭቃን እንደ ዳቦ መጋገር ማን ያስባል? አካኮ «እኛ ጭቃ ስንጋግር ሰው ሊስቅብን ይመጣ ነበር፣ በኋላ ሊገዛን መጣ» ይላሉ። እነሱን መናፍቅ እያለ የሚሰድባቸው ሁሉ ቤቱ የቆመው እነሱ ባስተማሩት ጡብ ላይ ነው።

የኛ ቤት ሥራም ይሄው ነበር። አባቴ ጡብ ይተኩሳል፣ አካኮ እሳቱን ያዛሉ፣ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ የጎጃም ሰው እንጨት ይፈልጣሉ፣ እናቴ ውሃና ምግብ ታመላልሳለች። አንዴ እሳት ከገባ ብዙ ቀን አይጠፋም፤ ቀንም ሌትም በተራ እየተጠበቀ በምድጃው አፍ እንጨት ይገባለታል። የማታው ተራ የአካኮ ነው። ትምህርት ቤት ውዬ ስመጣ በቀጥታ እዚያ ነው የምሄደው፣ ቤት ማን አለ? ጭሱ ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ የምድጃው አፍ ቀይ ሆኖ የሁሉንም ፊት ያቀላል፣ እኔ ፍሙ ዳር አመድ ውስጥ ስኳር ድንች ቀብሬ እጠብቃለሁ፣ ፋኖሱ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ የእሳት እራት ይሰበስባል። ደስ የሚል ማታ ነበር እኮ፤ ያቺ በቅሎ ባትመጣ።

አካኮ ይጀምራሉ፦ «አባ ሉቃስ ነጋዴ መስለው ጨርቅ ጭነው መጡ።» እንደ ሰባኪም አይደሉ፣ እንደ ተረተኛም አይደሉ፤ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ድንጋይ እንደሚደረድር ሰው ነው የሚያወሩት። ከዚያ ዴዴሳ። በቅሎዋ ትደናቀፋለች፣ አባ ሉቃስ አንገታቸው ላይ ያለችውን የማርያም ምስል ይይዛሉ፣ ወንዙ ይለቃቸዋል። ከዚያ ደብተራ መጥቶ ይከራከራቸዋል፣ ደብተራው ይረታል። ከዚያ የመጀመሪያው ጡብ ይተኮሳል፣ ሹሙ መጥቶ በዱላው ይመታዋል፣ ዱላው ይሰበራል። መጨረሻ ላይ ጣሊያን ከአገር ሲወጣ አባቶቹም በዜግነታቸው ጣሊያን ናቸውና ውጡ ይባላሉ፤ አባ ሉቃስ መኪና ላይ ሊወጡ ሲሉ ትንሹን ዲንሳ ይጠሩትና አንድ ነገር ይነግሩታል። ተረቱ እዚያ ያልቃል፣ አካኮ «እንጨት!» ይላሉ፣ ጋሽ አድማሱ እንጨት ይጨምራሉ። ከዚያ? ከዚያማ እንደገና «አባ ሉቃስ ነጋዴ መስለው…»

በአንድ ማታ ስንቴ! እኔ እበግናለሁ።

«አካኮ ማሎ፣ እባክዎ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ» እላቸዋለሁ።

«አይቻልም።»

«ሌላ ተረትስ የለም? የቀበሮ ምናምን?»

«ቀበሮ ጡብ አያበስልም» ይላሉ።

ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። አባ ሉቃስ እሳት ሲያስተምሯቸው ሰዓት አልነበረም፤ በመቁጠሪያ ጸሎት ነበር የሚለኩት። መቁጠሪያው ዞሮ ሲያልቅ እንጨት ይገባል፣ እንደገና ይጀመራል። ከተቻኮልክ ጡቡ ይሰነጠቃል፣ ከዘገየህ ጥሬ ይሆናል። ጥሩ። ግን አባቴ ወንጌል ሲቀበል መቁጠሪያ አልይዝም አለ፣ ጋሽ አድማሱ ደግሞ የፈረንጅ ጸሎት ከምደግም እጄ ይቆረጥ አሉ። አባቴ በመዝሙር እንለካለን ብሎ ሞከረ፤ መዝሙር ደስ ሲለው ይደጋግመዋል፣ ሲደክመው ያሳጥረዋል፣ እሳት እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። በመጨረሻ አካኮ የመቁጠሪያውን ያህል የሚረዝም ታሪክ አበጁ። አይጸለይም፣ አይዘመርም፣ ማንም አይከፋም ተብሎ። የሌሊቱ ተረኞችም ተምረውት እሱን እያሉ ነው እንጨት የሚጨምሩት። ስለዚህ አንድ ቃል አይጨመርም፣ አንድ ቃል አይቀነስም። እኔ ተረት እየሰማሁ መስሎኝ ለካ ሰዓት ነበር የማዳምጠው።

አይከፋም ተብሎ አልኩ? ውሸት ነው፣ ሁሉም ይከፋዋል። አባቴ የማርያም ምስል ላይ ሲደረስ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ጋሽ አድማሱ ደብተራው ሲረታ «ኤድያ! እኔ የማውቀው ደብተራ ቢሆን ኖሮ ፈረንጅህን ከነበቅሎው ዴዴሳ ይመልሰው ነበር» ይላሉ፣ እናቴም ወገኗ ጎጃም ነውና ከንፈሯን ትመጣለች። ደግሞ ጋሽ አድማሱ «ጣሊያን ነው እኮ ያመጣቸው» ሲሉ አካኮ ተረቱን ሳያቋርጡ ዓይናቸውን ብቻ ያፈጡባቸዋል። ቤታችንም እንደዚሁ ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ አካኮ ዓርብ ሥጋ ብቻ ይተዋሉ፣ አባቴ ሁሉንም ይበላል፤ እኔ የሁሉም ልጅ ስለሆንኩ ዓርብ ቀን የሁሉንም ጾም ነው የምጾመው።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው ነገሩ የመጣው። የድሮዎቹ አባቶች ከሄዱ በኋላ የሌላ አገር ሰው የሆኑ ካቶሊክ ቄሶች መጥተው ነበር፤ እኔ የምማረውም እነሱ ጋ ነው። አዲስ ክፍሎች ሊሰሩ ብለው የጡቡን ሥራ ለአባቴ ሰጡት። ጡቡ ጥሩ ከሆነ አባቴ ግቢው ውስጥ ቋሚ ግንበኛ ይሆናል፤ ካልሆነ ነቀምቴ የሚያኖረን ነገር የለም፣ ወደ ጊምቢ በኩል ዘመዶቹ መሬት እንመለሳለን። እዚያ ደግሞ በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት አልነበረም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንደ ቀላል ነገር ነው፣ «ከብት ትጠብቃለህ፣ ምን አለበት» ብላ። ምን አለበት! እኔ ያኔ ማካፈል ገና እየገባኝ ነበር። መስኮት አጠገብ ቦታ ነበረኝ። ጣሪያው ሲያፈስ ክፍሉ ውስጥ የማይረጠብበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር።

የመጀመሪያው ምድጃ ሲከፈት ጡቡ ነጣ ብሎ ወጣ። አባቴ ሁለቱን አጋጨ፣ እንደ ብረት መጮህ ሲገባው እንደ ዱባ ዱብ አለ። ግንባታውን የሚያዩት ቄስ፣ ረጅሙ፣ አንዱን ወስደው ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ ስንሄድ ባልዲው ውስጥ ጭቃ ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክሩ፤ ካልሆነ ከሸገር በመኪና እናስመጣለን» አሉ።

ማታውን ቤታችን የዳኝነት ቦታ ሆነ። ጋሽ አድማሱ ጥፋቱ የአፈሩ ነው አሉ። እናቴ ዓርብ ቀን እሳት ተጀምሮ መች ይቀናል አለች። አባቴ ማርያም እየተጠራች ነው አለ። አካኮ፣ አባቴ የሌሊቱን ተራ ሲጠብቅ በሆዱ መዝሙር ዘምሯል አሉ። እኔ ግን አይቼዋለሁ። በፊት የሚነደው እንጨት የጫካ ግንድ ነበር፣ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚነድ። ጫካው እየራቀ ሲሄድ ጋሽ አድማሱ ባሕር ዛፍ ማምጣት ጀመሩ። ባሕር ዛፍ ብው ይላል፣ ያልቃል። በቅሎዋ ከወንዙ ስትወጣ እሳቱ ቀንሷል፣ ሹሙ ዱላውን ሲሰብር ፍም ብቻ ነው ያለው፣ አባ ሉቃስ መኪናው ጋ ሲደርሱ ምድጃው እየበረደ ነው።

«ተረቱ ነው የረዘመው» አልኩ።

«ጨሊሲ!» አለኝ አባቴ፤ ዝም በል ማለቱ ነው። ሁሉም ተስማምተው የሚያውቁት እኔን ዝም ለማሰኘት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምድጃ ሲለኮስ ደብተሬን እንኳን አልከፈትኩም፣ ቁጭ ብዬ እሳቱን ብቻ ነው የማየው። አካኮ ጀመሩ። ነጋዴ፣ ጨርቅ፣ ዴዴሳ። ውሃው እስከ አንገት። እሳቱ ዝቅ። ደብተራው መጣ። እሳቱ ዝቅ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ ተነስቼ ጮህኩ።

«እሳቱ እየሞተ ነው! ኧረ እዩት! በቅሎ በቅሎ ስትሉ እየሞተ ነው!»

አባቴ ሊመታኝ እጁን አነሳ። ጋሽ አድማሱ ግን ጎንበስ ብለው በምድጃው አፍ አዩና «ኧረ ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «ይሄ ባሕር ዛፍ እንደ ወረቀት ነው፣ እንደ ጫካው ግንድ እኮ አይደለም።»

«እንግዲያው ተረት ለምን ያስፈልጋል? እሳቱን እያየን እንጨምራለን» አለ አባቴ።

«ዓይን እሳት ሲያይ ይሞኛል» አሉ አካኮ። «ቀይ ካየ በቃኝ ይላል። ሌሊት ደግሞ ይተኛል። ልክ ያስፈልገዋል።»

«ልኩ ይጠር ታዲያ። ያቺ የምስሏ ነገር ትቅር፣ ወንዙን ዝም ብለው ይሻገሩ።»

«ያለ እሷማ አይሻገሩም።»

«የደብተራው ይቅር» አሉ ጋሽ አድማሱ ፈጠን ብለው። «እሱ ቢቀር ማን ይጎዳል? ደብተራው ራሱ አመሰግናለሁ ነው የሚለው።»

«እሱ ካልተረታ ማን ያስገባቸዋል? ሰተት ብለው ሊገቡ ነው?»

«የሹሙ ዱላስ?» አለች እናቴ።

«ዱላው ካልተሰበረ ጡብ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

እሳቱ እየበረደ እነሱ ይከራከራሉ! ሦስት ትልልቅ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ፣ ትምህርቴ ምድጃ ውስጥ እየበረደ፣ እነሱ ማን ይውጣ ማን ይቅር። ማልቀስ ጀመርኩ፤ በሐዘን አይደለም፣ በንዴት ነው። ልጅ በንዴት ሲያለቅስ ንፍጡ ሁሉ ይወርዳል፣ መናገር አይችልም፣ እንደሱ።

አካኮ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም ያዩኝ። ከዚያ ጋሽ አድማሱን «ጨምር» አሏቸው፣ እንጨቱ ገባ፣ እሳቱ ብው አለ፣ እሳቸውም እንደ አዲስ ጀመሩ። አባ ሉቃስ ነጋዴ መስለው መጡ። በቅሎዋ ዴዴሳ ገባች፣ ምስሉን ያዙ፣ አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ደብተራው ተረታ፣ ጋሽ አድማሱ ኤድያ አሉ። ሹሙ ዱላውን ሰበረ። እኔ እንደ ልማዴ አመዱን ጭሬ ስኳር ድንቼን ላወጣ ስል፣ መኪናዋ ልትመጣ ስትል፣

«እንጨት!» አሉ።

ማንም አልተነቃነቀም። «እንጨት እኮ ነው የምለው!» ሲሉ ጋሽ አድማሱ ደንግጠው ዘለሉ። እሳቱ ገና ጉልበት ነበረው፣ ከፍ አለ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ ራሱ ቀለሙ ተለወጠ።

አባቴ «አካኮ፣ የእርስዎ ነገር እኮ ቀረ» አላቸው።

«እኔ አለሁ አይደል» አሉ። «እዚሁ ተቀምጬ የለም? እነሱ ናቸው የሌሉት።» ከዚያ ጀመሩ፦ አባ ሉቃስ ነጋዴ መስለው…

ያን ምድጃ እንደዚያ ነው የተኮስነው። የሌሊቱ ተረኞችም አጭሩን ተማሩ። ሲከፈት ጡቡ ደም መስሎ ወጣ፤ ረጅሙ ቄስ ሁለቱን ሲያጋጩት ጮኸ፣ ባልዲ ውስጥ አድሮም አልሟሟም። አባቴ ግቢው ገባ። እኔም መስኮቱ አጠገብ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ተረቱ ሁልጊዜ አጭሩ ነው። አንድ ሁለቴ ጠይቄያቸዋለሁ፣ «አካኮ፣ አባ ሉቃስ መኪናው ጋ ምን ነበር ያሉዎት?» ብዬ። የጠየቅኩት እንግዲህ በፊት ስላልሰማሁት ነው፤ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ስኳር ድንች ደርሶ አመድ ስጭር ነበር፣ ጆሮዬ የነበረው ድንቹ ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ምን ይሉኛል፦ «ከመሀል አይጀመርም። ቁጭ በልና ከበቅሎዋ ጀምሬ ልንገርህ።» ከበቅሎዋ! አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመስማት መላ ወለጋን በበቅሎ መዞር? «ተዉት በቃ» እል ነበር። ትምህርት ነበረብኝ፣ ኳስ ነበረብኝ። እሳቸውም «እሺ፣ ሌላ ቀን» ይላሉ። ቢናደዱብኝ ኖሮ ምናልባት ቁጭ እል ነበር።

አባቴን ጠይቄዋለሁ። እሱ እዚያ ላይ ሁልጊዜ እንጨት እያዘጋጀ ነበር፤ በሌሊት ተራውም እንደ ሌሎቹ ተረኞች «አንድ ነገር ነገሩት» ብሎ ነበር የሚያልፈው። ጋሽ አድማሱ «‹በርታ› መሰለኝ፣ ወይ ‹ደወሉን ጠብቅ›… ፈረንጅ ምን ይላል?» አሉኝ። እናቴ «በኦሮምኛ ነበር የተናገሩት፣ ደስ የሚል ነገር ነበር» ብላ ቀረች። ደስ የሚል ነገር! ያን ሁሉ ዓመት ያን ሁሉ ሰው እየሰማ፣ እያንዳንዱ የሚጠላትን ቦታ ቃል በቃል ይዟል። አባቴ የማርያሟን አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ይላታል፣ ጋሽ አድማሱ ደብተራው የተሸነፈበትን ክርክር እስከነ አሽሙሩ ያውቁታል። ማንም ያልጠላትን ማንም አልያዛትም።

አካኮ የሞቱት እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በዚያው ዓመት አባቴ ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ተመታ፤ ቤቱ የሚሸከም ሰው ፈለገ፣ እኔ ነበርኩ ያለሁት። አሁን ቡና መጋዘን ነው የምሰራው፣ ጆንያ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና። ማታ ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም። አንዳንዴ እሁድ ከካቶሊኮቹ ግቢ አዳዲስ ወጣት ቄሶች መጥተው ስለ ድሮዎቹ አባቶች ሰው ይጠይቃሉ፤ ማኅበራቸው እንዴት እንደገባ፣ ምን እንደሰራ፣ ሲወጡ ምን እንደሆነ። ሰው ወደኔ ይልካቸዋል፣ የዲንሳ ልጅ ያውቃል ብሎ። እነግራቸዋለሁ፤ ሳልወድ በግዴ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይሰማሉ። መኪናዋ ጋ ስደርስ አቆማለሁ፣ እነሱ «ከዚያስ?» ይላሉ፣ እኔ «ከዚያማ ሄዱ» እላለሁ።

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አካኮ ያቺን ንግግር የቆረጧት እኔ እንድማር ብለው ነው፤ በሕይወታቸው ለሳቸው ብቻ ተብሎ የተነገረ ነገር ቢኖር እሷ ነበረች። ትምህርቱን አልጨረስኩትም። እሷንም አላውቃትም። አንዱን እንኳን ይዤ ብቀር፣ ይሄ ጆንያ ትንሽ ይቀለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።